«ጠባይ ማረሚያ» አዳሪ ቤት ገብታችሁ የወጣችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ኑማ እናውራ

የቧንቧ ውሃው

ሰላም ጀማዓ። ይሄን ጽሑፍ ሦስቴ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን ጎረቤቴ አስጨረሰችኝ።

ትናንት ከሥራ ስገባ የግቢያችን በር ላይ ጠበቀችኝ። ልጇ 15 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ብሎ ይወጣል፣ በርጫ ቤት ይውላል። ስልኳን ሁለቴ ሰርቆ ሸጦባታል። «አንተም በልጅነትህ አስቸግረህ ነበር አሉ። እናትህ አዳሪ ቤት አስገብታህ ነው የተስተካከልከው። እስቲ ስልካቸውን ፈልግልኝ» አለችኝ። እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች። ከቴሌግራም አሳትማው ነው። የልጅዎን ሥነ ምግባር ለእኛ ይተዉት ይላል። ከሥሩ የግቢው ፎቶ አለ። በሩን አዲስ ቀለም ቀብተውታል። ዛፉ ግን ያው ዛፍ ነው።

እሺ ብያት ገባሁ። እራት አልበላሁም።

እኔ የገባሁት በ2008 ነው፣ በ16 ዓመቴ። እቅም ነበር፣ አልዋሽም። ከክፍልም እፎርፍ ነበር። አንድ ሌሊት ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሁለት ጎልማሶች መኝታዬ ድረስ ገቡ። ሌባ መስሎኝ ጮህኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅሳለች። ያኔ ገባኝ። ዶልፊን ውስጥ ወረወሩኝ። ሐረጎ ሲያጥመዘምዘን ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን እንደሆነ አወቅኩ። የት ጋ እንደታጠፍን ግን አልናገርም።

በር ላይ መጀመሪያ የሚወስዱብህ ጫማህን ነው። ስልኩ፣ ቀበቶው፣ ብሩ ኋላ ነው። ጫማህ ጆንያ ውስጥ ይገባና ቢሮ ይቆለፍበታል። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ነው፣ ክረምትም በጋም። ለጽዳት ነው ይሉናል። ነገሩ ግን ሮጠን እንዳናመልጥ ነው። በነጠላ ጫማ በዚያ ኮረኮንች የሮጠ የለም። አንድ ልጅ በባዶ እግሩ ሞክሮ አስፋልቱ ድረስ ደርሶ ነበር። የሲኖትራክ ሹፌር አሳፍሮ መለሰው። ያመመው ልጅ መስሎት ነው አሉ፣ ደግ የሠራ መስሎት።

ዱላ ነበረ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረ። ጥቁሩ የውሃ ጎማ። ግን እውነት እንነጋገር ከተባለ ዱላ ብርቃችን አልነበረም። ቤትም ሰፈርም ተገርፈን ነው ያደግነው። እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው።

አንዱ ግምገማ ነው። ማታ ከእራት በኋላ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አንድ ልጅ መሃል ይቆማል። ሌላው ተራ በተራ ጥፋቱን ይዘረዝርበታል። ሂስና ግለ ሂስ ነበር የሚሉት። (ቃሉን ከየት እንዳመጡት አባቶቻችሁን ጠይቁ።) የሰው ጥፋት ያላወጣ ልጅ በማግስቱ መሃል የሚቆመው እሱ ነው። ስለዚህ ጥፋት ሲጠፋ ይፈበረካል። እኔ አጠገቤ የሚተኛውን ልጅ «ሌሊት ያለቅሳል» ብዬ ሰጠሁት። እውነት ያለቅስ ነበር። ጥፋት ተብሎ ተጻፈበት። ሦስት ቀን ሻይ ተከለከለ። እዚህ ካለህ እኔ ነኝ ወንድሜ። የማንም ግፊት አይደለም፣ ለራሴ ፈርቼ ነው።

ሌላው የአርብ ስልክ ነው። ቤተሰብ ሲደውል ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ላውድ ተደርጎ ይቀመጣል። ተቆጣጣሪው ከጎንህ ሆኖ የክብሪት እንጨት ያኝካል። ደህና ነኝ፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ እያጠናሁ ነው። አለቀ። እናቴ «ድምፅህ ምነው?» ስትለኝ እንጨቷን ከአፉ ያወጣታል። ሌላ ምንም አያደርግም። ያወጣታል ብቻ። «ጉንፋን ነው እማ» እላታለሁ።

ሰባት ወር ቆየሁ። ስወጣ እናቴ ለዕድሩም ለጽዋውም «ልጄ ተስተካከለልኝ» አለች። እኔም ዝም። ጎረቤቴን ደጄ ላይ ያመጣት ያ ዝምታ ነው። አሁን ምን ልበላት?

አወያይ

ክሩ ክፍት ነው። የቤቱን ስም፣ የሰው ስም፣ ስልክ ቁጥር አትጻፉ። የማስታወቂያውን ፎቶ ሁለት ሰው ለጥፎ አንስቼዋለሁ። ማስረጃ ያለው ለፖሊስ ይውሰድ፣ እዚህ አይበትነው።

ሰኞ ገበያ

ወላሂ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ስትል ገላዬን ነዘረኝ። እኔ የ2010 ነኝ። የኔ ሁለቱም የግራ ነበር። ስድስት ወር ሁለት ግራ እግር ይዤ ኖርኩ። አሁን ለጓደኞቼ ሳወራው ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ዛፉን ግን ለምን ዘለልከው? «ዋርካውን አቅፈህ ቁም» የሚባለውን። ጉንዳን ያለበት በኩል።

የቧንቧ ውሃው

@ሰኞ ገበያ አልዘለልኩትም፣ መጻፍ አቅቶኝ ነው። አብሽር።

ቦርከና 11

የናንተን ሰማሁ። የወላጅም ይሰማ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። ሌሊት ስሠራ ልጄ ሌሊት ውጭ ነው፣ ቀን ስሠራ ቀን ውጭ ነው። ጠበል ወሰድኩት። ሸኽ ዘንድም ወሰድኩት። ወሎ ነንና ሁለቱንም ሞከርን። ትምህርት ቤቱ «ወላጅ ይምጣ» ከማለት ውጭ የሚያውቀው ነገር የለም። ጣቢያ ሄጄ «አስፈራሩልኝ» ብላቸው «ያጠፋው ወንጀል አለ?» አሉኝ። ታዲያ አንድ ሰው መጥቶ «ለእኛ ስጡን» ሲል የማይሰጥ አባት ማነው? አልላክሁትም፣ ክፍያው ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ነው። እውነቱ ይሄ ነው። ጥሩ አባት ስለሆንኩ አይደለም።

ዳንኩበት

እኔ ደግሞ እዚያው ቤት ገብቼ ነው ሰው የሆንኩት። የናንተ ወሬ የቂም ነው። እኔ ጫት ብቻ አልነበረም የማደርገው። ባልገባ ኖሮ ዛሬ ወይ እስር ቤት ነኝ ወይ አፈር ውስጥ። ዛሬ ሥራ አለኝ፣ ትዳር አለኝ። ሁለት ጥፊ ቀምሶ የሞተ የለም። ትውልዱ ነው የላላው።

የቧንቧ ውሃው

@ዳንኩበት ዳንኩ ካልክ እሰየው፣ አልከራከርህም። እኔም እዚያ ሰባት ወር አልቃምኩም። ቅጠሉ በአጥሩ አያልፍማ! በወጣሁ በአራተኛው ወር ጀመርኩ። ያቆምኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እየተመላለስኩ። አንዲት ነርስ ናት። አንድ ቀን እንኳ አልጮኸችብኝም። «ስንት ሰዓት ላይ ነው አምሮት የሚነሳብህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚያ ቤት አንድም ባለሙያ አላየሁም። አንተ አይተሃል? ከምርህ ንገረኝ።

@ቦርከና 11 አባባ፣ ያሉት ልክ ነው። እኔም በእናቴ አልፈርድም። ቤቱ የሚበላው ይሄንኑ ጭንቀት ነው።

ዳንኩበት

ባለሙያ አልነበረም። ያ እውነት ነው።

ሜሪላንድ ወሎ

እኔ ለየት ያልኩ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አሜሪካ ነው። 15 ዓመቴ ላይ «ክረምቱን አያትህን እንጠይቅ» ተባልኩ። ደሴ ገባን፣ ሦስት ቀን ገንፎና ጭኮ፣ አራተኛው ቀን ላይ አዳሪ ቤት። ፓስፖርቴን አባቴ ይዞት ተመለሰ። አማርኛዬ የተሰባበረ ስለነበር ግምገማ ላይ ምን እንደተባልኩ ግማሹ አይገባኝም ነበር። ያ ሳይጠቅመኝ አልቀረም፣ ሃሃ።

ወጥቼ ኮሌጅ ስገባ ይሄ ነገር ዓለም ላይ የት የት እንዳለ ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ሌሊት መጥቶ ከአልጋ ማንሳቱ እንኳ በክፍያ የሚሠራ ድርጅት አለው። እናንተ ሚኒባስ ስትሉ እኔ ከት ብዬ የሳቅኩት ለዚህ ነው።

የግምገማው ግን ደነቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲናኖን የሚባል ቦታ ተከፈተ፣ ሱሰኞች ለማዳን ተብሎ። እዚያ «ጨዋታው» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንዱን መርጠው ይረግሙታል፣ ያዋርዱታል። ቦታው እየቆየ አምልኮ መሰል ነገር ሆነ። ዘዴው ግን ከቤቱ ወጥቶ የአስቸጋሪ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገባ። አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት በእነዚህ ቤቶች ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የበደል አቤቱታዎች እንዳሉ ጽፏል። የሞቱ ልጆችም አሉበት።

የእኛ ተቆጣጣሪ ሲናኖንን አያውቀውም። እሱ ከካድሬ ነው የቀዳው። የዚያ አገሩ ከሱሰኛ ነው የቀዳው። ሁለቱም ክብ ላይ ተገናኙ። ልጅ ልጅን እንዲያሳጣ ካደረግክ ጥበቃ አያስፈልግህም፣ ደሞዝ ቆጠብክ ማለት ነው።

ሌላ ደግሞ። ሜን ግዛት ውስጥ ኤላን የሚባል ትምህርት ቤት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ተከፍቶ በ2011 ተዘጋ። ፍርድ ቤት አይደለም የዘጋው። የድሮ ተማሪዎቹ ኢንተርኔት ላይ እየተገናኙ ያዩትን ይጽፉ ነበር፣ ልክ እንደዚህ። ተማሪ መጥፋት ጀመረ። ባለቤቷ ራሷ ምክንያት አድርጋ የጠቀሰችው ያንን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ @የቧንቧ ውሃው ሦስቴ ያጠፋኸውን አራተኛ ስለጻፍከው አላህ ይስጥልኝ።

ሰኞ ገበያ

አንተ ነህ እንዴ «ፈረንጁ»? ሽሮው ውስጥ ዳቦ ነክረህ የምትበላው?

ሜሪላንድ ወሎ

ነኝ! እንጀራው የመረረኝ እኮ እርሾው ነው።

ያልተቀጠረ ጠበቃ

ሕግ ነው ያጠናሁት። ጉዳይ ይዤ ስላልሆነ እንደ ጓደኛ ቡና ላይ ውሰዱት።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ 1(ሠ) ሕፃን ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካሉን ከሚነካ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ ነው። «ግን»፣ «ካልሆነ በስተቀር» የሚል ጭራ የለውም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ልጅን ማሠቃየትና መበደል አንቀጽ 576 ላይ አለ። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን አንድ ቀዳዳ አለች። ወላጅ ወይም የወላጅን ያህል ኃላፊነት ያለው ሰው ለመልካም አስተዳደግ ብሎ ሕግን በማይጥስ መንገድ ቢቀጣ አይጠየቅም። እነዚህ ቤቶች ወላጅን የሚያስፈርሙት በዚያች ቀዳዳ ለመግባት ነው። የወላጅ ፊርማ ግን ጎማውን ሕጋዊ አያደርገውም። ወላጅ ራሱ የሌለውን መብት ለሌላ መስጠት አይችልም።

ሌላው ስሙ ነው። «ጠባይ ማረሚያ» የሚባለው ቃል የሕግ ቃል ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ፣ ወንጀል የፈጸመ ልጅ ፍርድ ቤት አይቶት፣ ዳኛ አዝዞ ነው የሚላከው። በሌሊት ሚኒባስ አይደለም።

ጊዜ ሳያልፍ ከማለት ግን አልመለስም። ይርጋ የሚባል ነገር አለ፣ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። እንደ ወንጀሉ ክብደት ይለያያል። የሕክምና ካርድ፣ የድሮ ፎቶ፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ካለ አትጣሉ።

የጦሳ ሥር

አቤቱታ ስላላችሁ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ትምህርት ቤት ከሆነ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ሌላው ጋ ሄድኩ። «ትምህርት ቤት አይደለም፣ ማገገሚያ ነው፣ ወደ ጤና ሂድ» አሉ። ጤና ጋ ሄድኩ። «መድኃኒት ይሰጣሉ?» አይ። «እንግዲያው እኛንም አይመለከትም።» ደሴን ከአራዳ እስከ ሮቢት በእግር ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ማታ ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ ማንን ነው የሚመለከተው?» አለችኝ። እሱን ነበር እኔም የጠየቅኳቸው።

ዝምተኛው

ሳነብ ነው ያደርኩት። ልጻፍ አልጻፍ ስል ነጋ።

እኔ እዚያ አስጠኚ ነበርኩ። 2011 ላይ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ አጥቼ ነው የገባሁት። ማታ ሂሳብና እንግሊዝኛ አስጠና ነበር። ጎማ አልያዝኩም። ይሄን የምለው ራሴን ለማንጻት አይደለም፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ስላለ ነው።

በየወሩ ለወላጅ የሚላክ ቅጽ ነበር። የልጁ ጠባይ፣ ትምህርቱ፣ ጤናው፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር። እሱን የምሞላው እኔ ነበርኩ፣ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ። በአንድ ማታ የሁሉንም እሞላለሁ። ከግማሾቹ ጋር አውርቼ አላውቅም። «ከፍተኛ መሻሻል አሳይቷል።» «ለተጨማሪ ሦስት ወር ቢቆይ ውጤቱ ይጸናል።» ይቺ ሁለተኛዋ ትእዛዝ ነበረች። ወላጅ ሊያስወጣ ያሰበ ሲመስላቸው ያቺን ጻፍ ይሉኛል። ሦስት ወር ማለት የሦስት ወር ክፍያ ነው።

አንድ ቀን ቅጽ እየሞላሁ «ጤና፦ ጥሩ» ብዬ የጻፍኩለት ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ በመስኮት አየሁት። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። አየኝ። እስክሪብቶዬን አላነሳሁም። በወሩ ሥራውን ለቀቅኩ። ለምን እንደለቀቅኩ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

የተጠየቅኩ ቀን ፖሊስ ጋም ፍርድ ቤትም እመሰክራለሁ። ለአወያዩ በውስጥ መስመር ስሜን ሰጥቼዋለሁ።

ሰኞ ገበያ

ጽሕፈትህ ያምር ነበር። እናቴ ቅጹን ፍሬም አድርጋው ነበር።

ሌላ ምን እንደምልህ አላውቅም።

ጅዳ ነኝ

ልጆቼ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ እናት ነኝ። ጽሑፍ አልችልበትም፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ እየጻፈችልኝ ነው። 14 ዓመት ሙሉ በሰው አገር በሰው ቤት ነኝ። ልጄን ለእህቴ ትቼው ወጣሁ። እህቴ «አልቻልኩትም፣ ከእጄ ወጣ» ስትለኝ አዳሪ ቤት አስገቢው አልኩ። እየሠራሁ ለሱ እከፍል ነበር። አንድ ዓመት ከሁለት ወር።

አርብ አርብ እደውል ነበር። «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ እማዬ፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ እያጠናሁ ነው» ይለኛል። ሁልጊዜ ያቺኑ። ድሮ ስደውልለት «ብር ላኪ» ነበር የሚለኝ፣ ይነጫነጭብኝ ነበር። ጨዋ ሆነልኝ ብዬ ለማዳሜ ሳይቀር አወራሁ። እዚህ ያለነው የወሎ ሴቶች ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ «ልጅሽን እንዴት አደረግሽው?» ብለው ሁለቱ አድራሻውን ተቀበሉኝ። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።

የቧንቧ ውሃው ልጅ ስለ ስልኩ የጻፈውን ልጅቷ ስታነብልኝ ድገሚው አልኳት። ድገሚው። ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ።

ልጄ አሁን 22 ዓመቱ ነው። ስለዚያ ቤት አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ምን ብዬ ልጠይቀው?

የቧንቧ ውሃው

እናቴ፣ አይዞዎት። እንዲህ አደረጉህ ወይ ብለው አይጠይቁት። እንደሱ ከተጠየቀ «አይ ደህና ነበር» ይላል፣ እኔም እናቴን እንደዚያ ነው ያልኳት። አርብ አርብ ስደውል አጠገብህ ሰው ነበር እንዴ ብለው ይጠይቁት። ያቺን ብቻ።

ቦርከና 11

እኔም አባት ነኝ እህቴ። ያላወቁትን ነገር ምን ያደርጉታል። ለሁለቱ ጓደኞችዎ ግን ዛሬውኑ ይንገሯቸው።

የቧንቧ ውሃው

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ለጎረቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። «ታዲያ እናትህ?» አለችኝ። እናቴ ከውስጥ ወጥታ «እውነቱን ነው» አለቻት። እናቴ ይሄን ስትል የሰማሁት በዕድሜዬ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለኔ ግን እስካሁን ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ቁርሴን አምጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ በላሁ፣ ሳህኑን ይዛ ገባች።

ጎረቤቴ በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም ብላ ግቢውን ልታይ ሄደች። በደንብ ተቀበሏት። ለስላሳ ሰጧት። የታጠበ አንሶላ የተነጠፈበት ክፍል አሳዩዋት። እኔ የነገርኳትን ጥያቄ ጠየቀቻቸው። «የልጆቹ ጫማ የት ነው?» አስጎብኚው ዝም አለ አሉ። ከዚያ «ለጽዳት ነው» አላት። እሷ ስለ ጽዳት አልጠየቀችውም።

አልላከችውም። ልጁ ግን ዛሬም በርጫ ቤት ነው የዋለው። ሰኞ ሆስፒታል አብሬው እሄዳለሁ ብያታለሁ። እሱ እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። ጫማህን ስንት ገዛኸው ብሎ ጠየቀኝ።

ጅዳ ነኝ

ትናንት በኢሞ ደወልኩለት። እንዳልከኝ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እማዬ፣ አንቺስ አጠገብሽ ሰው አለ?» አለኝ። ልጅቷን ውጪ አልኳት። ማንም የለም አልኩት። «ላውድ አይደለም?» አለኝ። አይደለም ልጄ፣ ጆሮዬ ላይ ነው የያዝኩህ አልኩት።

የነገረኝን እዚህ አላስጽፈውም። ኔቱ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሁለቱንም ጊዜ መልሶ የደወለው እሱ ነው።